የሚያስቁን ሰዎች ሲያስለቅሱን፦ ከሆሊውድ ኮሜዲና ድራማ የቱ ልባችሁ ውስጥ ቀረ?

የቅዳሜ ማታ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ተራ ተመልካች ነኝ፤ የፊልም ትምህርት የለኝም። ቅዳሜ ማታ ሥራ ሲያልቅ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ፊልም እናያለን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሆሊውድ ኮሜዲ ወይም ድራማ። እንዲህ ዓመታት ካየሁ በኋላ አንድ ነገር አምኛለሁ፤ የእናንተንም ለመስማት ነው ይህን የከፈትኩት።

ከልቤ ያስለቀሱኝ ድራማዎች ላይ መሪ ሆነው የተጫወቱት አብዛኞቹ መጀመሪያ በኮሜዲ ያወቅናቸው ሰዎች ናቸው። ሮቢን ዊልያምስ፣ ቶም ሃንክስ፣ ጂም ኬሪ፣ ዊል ስሚዝ። ይህ እንዲያው አጋጣሚ አይመስለኝም። የሚያስቅ ተዋናይ ጊዜውን ያውቃል። አንዲት ቃል ትንሽ ከዘገየች ቀልዱ እንደሚሞት በሥራው ተምሮታል። ያንን ይዞ ወደ ሐዘን ሲመጣ የት ዝም እንደሚል፣ መቼ ፊቱን እንደሚያዞር ነጋሪ አያስፈልገውም። ማልቀስ ብቻ የሚያውቅ ተዋናይ ግን ራሱ ያለቅሳል እንጂ እኛን አያስለቅሰንም።

ጉድ ዊል ሃንቲንግን (1997) ውሰዱ። ሮቢን ዊልያምስ ሚስቱን በካንሰር ያጣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ለማት ዴመን ስለ ሟች ሚስቱ ሲያወራ የሚጀምረው ከመቃብሯ አይደለም፤ እንቅልፍ ላይ ሆና ታደርገው ከነበረ የሚያሳፍርና የሚያስቅ ነገር ነው። ያንን ታሪክ ዊልያምስ ቀረጻው ላይ ከራሱ አምጥቶ ነው የተናገረው፣ ዴመንም የሚስቀው የእውነቱን ነው። ሁለቱም እየሳቁ እያለ ሰውየው የሚናፍቀው ያንን ትንሽ ነገር መሆኑን ሲናገር ሳቁ ገና ከአፋችን ሳይወጣ ሌላው ነገር ይገባል። ለዚህ ፊልም በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ወስዷል።

ቶም ሃንክስም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሴት ልብስ ለብሶ በሚጫወትበት የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነበር የሚታወቀው። ከዚያ በ1993 ፊላደልፊያ፣ በ1994 ፎረስት ገምፕ፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ኦስካር። ፎረስት ልጅ እንዳለው ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልጁ ብልህ መሆኑን ወይስ እንደሱ መሆኑን ነው። ጥያቄውን ሊጨርሰው አይችልም። ሙሉ ፊልሙን በየዋህነቱ ስንስቅበት ከርመን፣ ሰውየው ስለ ራሱ ሁሉን ያውቅ እንደነበር የገባን እዚያ ላይ ነው። እኔ ያንን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚያመኝ።

የሚያናድደኝ ደግሞ አለ። ጂም ኬሪ ለዘ ትሩማን ሾው (1998) ጎልደን ግሎብ ሲወስድ ለኦስካር ግን ዕጩ እንኳ አልሆነም። ዳይሬክተሩ ፒተር ዊየር ታጨ፣ ኤድ ሃሪስ ታጨ፣ ጸሐፊው ታጨ፤ ፊልሙን ትከሻው ላይ የተሸከመው ሰው ቀረ። ኬሪ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ ታጭቶ አያውቅም። ግራውንድሆግ ደይ (1993) ስንት ሰው ያየው፣ ስንት ሰው የተከራከረበት ፊልም ነው፤ በአንድ ዘርፍ እንኳ አልታጨም። ማሳቅ እንደ ቀላል ነገር ስለሚቆጠር ነው።

እናንተስ?

ሰሚት ሰፈር

ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ ወንድሜ። ትሩማን ሾው ላይ፣ ሕይወቱ በሙሉ ሳያውቀው የቴሌቪዥን ትርዒት የሆነበት ሰው ነው፤ እኔን የገደለኝ ፈገግታው ነው። ጎረቤቶቹን ጠዋት ሰላም ሲል ያ የምናውቀው የኬሪ ሰፊ ፈገግታ አለ። ጎረቤቱም ሚስቱም የልብ ጓደኛውም ደመወዝተኛ ተዋናዮች መሆናቸውን መጠርጠር ከጀመረ በኋላም ፈገግታው ያው ነው፤ ምንም ሳይቀየር ግን የሚያስፈራ ይሆናል። ይህን ሌላ ሰው የሚችለው አይመስለኝም። ደግሞ ፊልሙ የወጣው ሰዎችን ቀን ከሌት በካሜራ የሚያሳየው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቢግ ብራዘር በሆላንድ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።

መሐንዲሱ

ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። ወንድሜ የመረጥካቸው አንተን የሚደግፉህን ብቻ ነው። ሾሻንክ ሪደምፕሽን (1994) ላይ ኮሜዲያን የት አለ? ቲም ሮቢንስና ሞርጋን ፍሪማን ናቸው። እኔ ደግሞ ከሾሻንክ በላይ ያስለቀሰኝ ፊልም የለም፤ በተለይ ሽማግሌው ብሩክስ። ዕድሜውን በሙሉ እስር ቤት ጨርሶ ሲለቀቅ፣ መንገድ ማቋረጥ ሲያቅተው፣ መኪናው ሲያስደነግጠው። ማንም አላሳቀኝም፣ ግን ተነሥቼ ክፍሉን መዞር ነበረብኝ።

ደግሞ ይህን ፊልም አስቡት። ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሲገባ 16 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው ያመጣው። በ7 ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ በአንዱም አላሸነፈም፤ በዚያ ዓመት ፎረስት ገምፕ ነው የጠረገው። ሰው ያገኘው በኋላ በቪዲዮ ኪራይና በኬብል ቴሌቪዥን ነው። እኛም አዲስ አበባ ያየነው ከካሴት ማከራያ ቤት ወስደን ነው። ስለዚህ ኦስካር የሚበድለው ኮሜዲን ብቻ አይደለም።

ሌላው፤ ዊል ስሚዝ ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስን (2006) ከዳይሬክተር ጋብሪዬሌ ሙቺኖ ጋር ሠራ፣ ግሩም ሆነ። በ2008 ያው ተዋናይ ከያው ዳይሬክተር ጋር ሰቨን ፓውንድስን ሠራ። እዚያ ላይ ጊዜ ማወቁ የት ሄደ? ሁለት ሰዓት ሙሉ እንባችንን በግድ ሊጨምቅ ሲታገል ነው የዋለው። ወሳኙ ታሪኩ ነው።

ትርንጎ

እኔ ስለ ሚስስ ዳውትፋየር (1993) ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ የሚያስቅበት ፊልም ብቻ አድርጎ ያወራዋል።

ወላጆቼ የተለያዩት ልጅ ሆኜ ነው። ፊልሙን ያየሁት ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ እንደማንኛውም ልጅ መጨረሻው ላይ እንደሚታረቁ እርግጠኛ ሆኜ ነው። ሰውየው (ሮቢን ዊልያምስ ነው) ልጆቹን ለማየት ብሎ የሞግዚት ሽማግሊት ሆኗል፣ ለሰዓታት ፊቱ ላይ ሜካፕ ይለጠፋል፣ ምግብ ማብሰል ተምሯል፣ ቤት ማጽዳት ተምሯል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ሚስቱ እንዴት አትመለስለትም? አልተመለሰችለትም። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ሆነው ተለያይተው ቀሩ። መጨረሻ ላይ በቴሌቪዥን ሽማግሊቷን ሆኖ፣ ወላጆቿ ለተለያዩባት አንዲት ልጅ ደብዳቤ መልስ ሲሰጥ፣ ቤተሰብ ብዙ ዓይነት እንዳለ ሲነግራት፣ ያ ለእኔ ነበር የተነገረው።

ያኔ ዘመዶቼ ሁሉ ይመለሳሉ አይዞሽ ነበር የሚሉኝ። አይመለሱም፣ ግን ይወዱሻል ያለኝ ይህ ፊልም ብቻ ነው። አንድ ድራማ ይህን ቢነግረኝ ኖሮ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ እሄድ ነበር። ገና እየሳቅኩ እያለ ስለነገረኝ ነው የሰማሁት። ስለዚህ መሐንዲሱ፣ ታሪኩ ወሳኝ ነው ያልከው እውነት ነው፤ ታሪኩን እንድንሰማ በሩን የሚከፍተው ግን ሳቁ ነው።

ጋሽ ተ.

ልጆቼ ደስ የሚል ወግ ይዛችኋል። ይህ ነገር ግን ከሮቢን ዊልያምስ አልተጀመረም። እኛ በልጅነታችን ያየነው ቻርሊ ቻፕሊን አለላችሁ። ዘ ኪድ (1921) ላይ ቻርሊ ያሳደገውን ሕፃን ወደ ሙት ልጅ ማሳደጊያ ሊወስዱበት መኪና ላይ ሲጭኑት፣ በጣራ በጣራ ሮጦ ሲደርስበት፣ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው አንድ ላይ ነበር የሚያለቅሰው። ትንሽ ቀደም ብሎ ያው ሰው መስኮት በሚሰብር ልጅና መስኮት በሚገጥም አባት ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ሲቲ ላይትስ (1931) ሲወጣ ድምፅ ያለው ፊልም ዓለምን ይዞ ነበር። ቻፕሊን ግን ንግግር የሌለው አድርጎ ሠራው። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ማየት ከቻለች በኋላ ውለታ የዋለላትን ሰው የምታውቀው ፊቱን አይታ አይደለም፤ እጁን ስትነካው ነው። እስቲ ፈልጋችሁ እዩት።

የቅዳሜ ማታ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እርስዎ እንዳሉት ሲቲ ላይትስን እፈልገዋለሁ።

ትርንጎ እህቴ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ።

መሐንዲሱ፣ ሾሻንክን ማን ይክዳል! እኔ ኮሜዲያን የሌለበት ድራማ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ሰቨን ፓውንድስ ላይም እንስማማለን፤ ግን ለምን እንዳልሠራ ተመልከት። ዊል ስሚዝ እዚያ ላይ አንድም ቦታ እንዲያስቅ አልተፈቀደለትም። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ፊቱ ሐዘን ነው፤ ተመልካቹ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚወድቅ አያውቅም። ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ ላይ ግን ሰውየው ከልጁ ጋር ይቀልዳል፣ ይጫወታል።

ኦክላንድ ነዋሪ

ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ ከተነሣ እኔም ልግባበት፣ እዚሁ ሰፈሬ የሆነ ታሪክ ስለሆነ ነው።

ፊልሙ የክሪስ ጋርድነር እውነተኛ ታሪክ ነው። አባትና ልጅ ማደሪያ አጥተው ባቡር ጣቢያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚያድሩበትን ትዕይንት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጋርድነር በእውነቱ ያደረው ኦክላንድ ውስጥ ማክአርተር በሚባለው የባርት (የከተማው ባቡር) ጣቢያ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከቴሌግራፍ ጎዳና ሩቅ አይደለም። እዚያ ባቡር ስጠብቅ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

እስቲ ያንን ትዕይንት ቀስ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ክርክሩን ለእኔ የሚጨርሰው እሱ ነው። አባትየው ልጁን ወደ መጸዳጃ ቤት ከመውሰዱ በፊት ጨዋታ ይፈጥራል። የሚሸጠው የአጥንት መመርመሪያ መሣሪያ የጊዜ መኪና ነው ይለዋል፤ ቁልፉን ተጫን፣ ዳይኖሰር ዘመን ደርሰናል። ዳይኖሰሮቹ እንዳያገኙን ዋሻ እንፈልግ። ዋሻው መጸዳጃ ቤቱ ነው። ይህ ሁሉ ኮሜዲ ነው! ዊል ስሚዝ በቴሌቪዥን ያሳለፋቸውን ዓመታት በሙሉ ነው እዚያ ያፈሰሰው፤ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጁን እያጣደፈ። ቀጥሎ ልጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል፣ ውጭ የሆነ ሰው በሩን ይደበድባል። አባት በእግሩ በሩን ገፍቶ ይዟል፣ በእጁ የልጁን ጆሮ ሸፍኗል፣ እንባው ይወርዳል። አንድም ቃል የለም። ዳይኖሰሩ ባይኖር ያ እንባ ያን ያህል ባልከበደ ነበር። ልጅ ይዞ ባዕድ አገር ኪራይ ያቃተው ሰው ይህንን ያውቀዋል፤ ለልጅህ ሁሉም ጨዋታ እንደሆነ አድርገህ ታሳየዋለህ፣ በሩን ግን በእግርህ ይዘሃል።

ጃደን የዊል ስሚዝ የእውነት ልጁ መሆኑም አግዟል። ፊልሙ የቀየረው ነገርም አለ። የእውነተኛው ጋርድነር ልጅ ያኔ ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነበር፣ እንዲህ የሚያወራ አልነበረም። የአክሲዮን ድለላ ሲለማመድ ደግሞ ፊልሙ ላይ ያለ ደመወዝ ነው፤ በእውነቱ በወር ትንሽ አበል ነበረችው። ችግሩን እንዲከብድ ያደረጉት ይመስለኛል፣ እኔ እንደነበረው ቢተዉት እመርጥ ነበር። ልጁን ይዞ ወረፋ የሚሰለፍበት ግላይድ ቤተ ክርስቲያን ግን እውነተኛ ነው፤ ፓስተሩ ሴሲል ዊልያምስም ራሳቸውን ሆነው ተጫውተዋል። በዚያ ዓመት ስሚዝ ለኦስካር ታጭቶ ኢዲ አሚንን ሆኖ በተጫወተው በፎረስት ዊቴከር ተሸነፈ። በዚያ ግን ቅር አይለኝም።

ጅዳ የነበረች

ኦክላንድ ወንድሜ፣ ስለ በሩ የጻፍከው አስለቀሰኝ።

የእኔ ፊልም ዘ ተርሚናል (2004) ነው። ቶም ሃንክስ አገሩ መፈንቅለ መንግሥት ሆኖባት ፓስፖርቱ ድንገት ዋጋ ያጣበት ሰው ነው፤ ኒው ዮርክ አውሮፕላን ማረፊያ ይቀራል፣ መግባትም መመለስም አይችልም። ስፒልበርግ ነው የሠራው። ሰው የፈጠራ ታሪክ ይመስለዋል፤ መነሻው ግን መህራን ናሴሪ የሚባል ኢራናዊ ነው፣ ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ማረፊያ ከ1988 እስከ 2006 የኖረ። በኋላ ተመልሶ እዚያው መጣ፣ በ2022 እዚያው ሞተ።

ወረቀት ሳይኖራት በሰው አገር የኖረች ሴት ይህን ፊልም እንዴት እንደምታየው ልንገራችሁ። የሻንጣ ጋሪ እየሰበሰበ መልሶ በሚያገኛት ሳንቲም ዳቦ ሲገዛ ሰው ይስቃል። እኛ የምናየው ክፍል ውስጥ የነበርነው ሴቶች ማንም አልሳቀም፤ እናበረታታው ነበር፤ ጎበዝ፣ አንድ ጨምር፣ ያቺን ጋሪ አትለፋት! ከዚያ የማረፊያው ኃላፊ ጋሪውን ሲከለክልበት አንዷ ተሳደበች። አንድ ዓይነት የጉዞ መጽሐፍ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ይዞ እንግሊዝኛ ሲማር ደግሞ ዝም ብለን ነበር። እኔም አረብኛን የለቀምኩት ከዕቃ ማሸጊያ ላይ ነው፤ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ በሌላው አረብኛ።

የሰውየውን ክብር አያችሁ? ሲራብ አይለምንም። ሲያታልሉት አይዋሽም። ሃንክስ እንደ ሞኝ ሊጫወተው ይችል ነበር፣ አላደረገውም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ

ከሚንግ ቱ አሜሪካን (1988) ሳታነሡ ይህን ሁሉ መጻፋችሁ ገርሞኛል። ኤዲ መርፊ ልዑሉን ብቻ አይደለም የሆነው። ጸጉር አስተካካዩ እሱ ነው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚከራከረው ነጭ አይሁዳዊ ሽማግሌም እሱ ነው፣ ዘፋኙም እሱ ነው። የሜካፕ ባለሙያው ሪክ ቤከር ነው፤ ለኦስካር ታጭቶበታል፣ አልባሳቱም ታጭቷል። ሽማግሌው መርፊ መሆኑን ሳያውቁ ፊልሙን የጨረሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ሰሚት ሰፈር

እኔ እሱን ፊልም ሳድግ ወድጄው ነበር፣ አሁን ግን ይከብደኛል። ልዑሉ የመጣበት ዛሙንዳ የተባለው የፈጠራ አፍሪካዊ አገር ምንድን ነው? ቤተ መንግሥት ውስጥ ዝሆን፣ በሚሄድበት ሁሉ አበባ የሚበትኑለት ሴቶች፣ እየታዘዘች እንደ ውሻ የምትጮህ ሙሽራ። አሜሪካኖች አፍሪካን እንዲህ ነው የሚያስቡን።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ

ወንድሜ እስቲ እንደገና እየው። ከሁሉ የከበረ ሰው ማን ነው? ልዑል አኪም ነው። ወለል ይጠርጋል፣ ቆሻሻ ይደፋል፣ አንድም ጊዜ ክብሩ አይቀንስም። ሌባ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ በመጥረጊያ እንጨት የሚያስቆመው እሱ ነው (ሌባው ያኔ ብዙም የማይታወቅ ሳሙኤል ጃክሰን ነው)። የሚሳቅበት ኒው ዮርክ ነው፤ ሻንጣውን በደቂቃ ውስጥ የሚዘርፉት ጎረቤቶች፣ ለገንዘብ ብሎ ልጁን የሚሸጥ አባት። በ1988 ጥቁር አፍሪካዊ ንጉሥን በጄምስ ኧርል ጆንስ ድምፅና ግርማ ያሳየ ሌላ የሆሊውድ ፊልም ጥራልኝ። አባቴ ያንን ንጉሥ ሲያይ ወንበሩ ላይ ቀና ይል ነበር።

በ2021 የወጣውን ሁለተኛውን ግን አትይ። የመጀመሪያው ፊልም ልዑሉ ፍቅር ፍለጋ ወደማያውቀው አገር የሄደበት ነው፤ ሁለተኛው እዚያው ዛሙንዳ ቁጭ ብሎ የድሮውን ቀልድ ይደግማል።

ሰሚት ሰፈር

ንጉሡ ላይ እስማማለሁ። የውሻዋ ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።

የአራዳ ልጅ 90

እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ኮሜዲ የት ሄደ? ድሮ በየዓመቱ ሰው ተሰብስቦ የሚያየው አንድ ሁለት ትልቅ ኮሜዲ ይወጣ ነበር። ሆም አሎን (1990) በ18 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ470 ሚሊዮን በላይ አምጥቷል። ሃንጎቨር (2009) በ35 ሚሊዮን ተሠርቶ ከ460 ሚሊዮን በላይ። ታዲያ ትርፍ ያለው ነገር ለምን ተተወ?

ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ማት ዴመን በአንድ ቃለ ምልልስ እንዳስረዳው፣ ፊልም ሲኒማ ቤት ካሳለፈው በኋላ ዲቪዲው ሲወጣ ሁለተኛ ገቢ ይመጣ ነበር። መካከለኛ በጀት ያለው ፊልም ሲኒማ ላይ ባይሳካለት እንኳ በዲቪዲ ይካስ ነበር። ያ ገቢ ሲደርቅ ስቱዲዮዎቹ መሞከር ፈሩ። ቀልድ ደግሞ ድንበር ሲሻገር ይጎዳል፤ ፍንዳታ በየትኛውም አገር ፍንዳታ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ልዕለ ጀግና ፊልሞች ሄደ፣ አዳም ሳንድለርም ከ2014 ጀምሮ ከኔትፍሊክስ ጋር ተዋዋለ።

ኮሜዲ ይሠሩ የነበሩት ዳይሬክተሮች የት እንደገቡ ስታዩ ደግሞ ክሩን የከፈተው ወንድማችን ልክ ሳይሆን አይቀርም። የሃንጎቨሩ ቶድ ፊሊፕስ ጆከርን (2019) ሠራ። ስቴፕ ብራዘርስን የሠራው አዳም ማኬይ ስለ ባንኮች ውድቀት ዘ ቢግ ሾርትን (2015) ሠርቶ የስክሪፕት ኦስካር ወሰደ። ደም ኤንድ ደመርን ከወንድሙ ጋር የሠራው ፒተር ፋረሊ በግሪን ቡክ (2018) ምርጥ ፊልም ተባለ። ጆርዳን ፒል ከቴሌቪዥን ኮሜዲ ተነሥቶ ጌት አውትን (2017) ጻፈ፣ እሱም ኦስካር ወሰደ። አራቱም ሳቅ ቤት ነው የተማሩት።

ኦክላንድ ነዋሪ

ግሪን ቡክ ላይ ግን ጥንቃቄ። የፒያኖ ተጫዋቹ የዶን ሸርሊ ቤተሰቦች ፊልሙ እሱን በትክክል አላሳየም ብለው በይፋ ተቃውመዋል። ሸርሊን የሆነው ማህርሻላ አሊ ድንቅ ነው፤ ታሪኩ ግን ከሸርሊ ሹፌር ቤተሰብ በኩል የተነገረ ነው።

ዝምተኛው

እኔ እንደሚመስለኝ ኮሜዲያኖች ድራማ የሚችሉት ውስጣቸው ስለሚያዝን ነው። ሮቢን ዊልያምስን አየነው አይደል?

ነርስ ነኝ

ወንድሜ በዚህ ጉዳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ዊልያምስ በነሐሴ 2014 ሲሞት ሰው ሁሉ "የሚያስቅ ሰው ውስጡ ያለቅሳል" ብሎ ደመደመ። ከሞተ በኋላ በተደረገው ምርመራ ግን ሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ የሚባል የአንጎል በሽታ እንደነበረበት ታወቀ። ይህ በሽታ ማስታወስን ይነጥቃል፣ ጭንቀት ያመጣል፣ የሌለ ነገር ያሳያል። ሰውየው ታሞ ነበር። የሠራው ሁሉ የሐዘን ውጤት እንደሆነ ስናወራ ችሎታውንም ሕመሙንም እናሳንሳለን። በሥራዬ እንዲህ ዓይነት ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸውን አያለሁ፤ "ድሮም ውስጡ ያዝን ነበር" የሚለው ወሬ ቤተሰብን ምን ያህል እንደሚጎዳ ስለማውቅ ነው የጻፍኩት።

ዝምተኛው

ይህን አልሰማሁም ነበር እህቴ። አመሰግናለሁ።

ትርንጎ

አንድ ነገር ላንሣ። ይህን ሁሉ ስንጽፍ የጠራነው ወንድ ብቻ ነው! ዉፒ ጎልድበርግ የት አለች? ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር) ላይ ብቻዋን ቆማ የተለያዩ ሰዎች እየሆነች ሰው ታስቅ የነበረች ሴት ናት። ስፒልበርግ ዘ ከለር ፐርፕል (1985) ላይ አወጣት። እዚያ ላይ ለረጅም ጊዜ አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው፤ እጇን አውርዳ የሳቀችበትን ቀን ያየ ሰው አይረሳውም። ሞኒክም አለች። ስታንድአፕ ኮሜዲ ነበር ሥራዋ፤ ፕሬሸስ (2009) ላይ ልጇን የምታሠቃይ እናት ሆና ኦስካር ወሰደች። መጨረሻ ላይ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ፊት ቁጭ ብላ ራሷን ለማስረዳት ስትሞክር፣ የጠላኋትን ሴት እንዳዝንላት አደረገችኝ። እስካሁን አልተመቸኝም፣ ግን አደረገችው።

መሐንዲሱ

ትርንጎ እህቴ ዉፒን ማንሣትሽ ለእኔ ነው የጠቀመኝ። ኦስካር ያገኘችው በከለር ፐርፕል አይደለም፣ በጎስት (1990) ነው፤ ያውም ሙታንን አነጋግራለሁ በምትል አጭበርባሪ፣ ሙሉ በሙሉ በሚያስቅ ገጸ ባሕርይ። ስለዚህ "ኦስካር ኮሜዲን ይንቃል" የሚለው ሙሉ እውነት አይደለም። አኒ ሆል የሚባለው ኮሜዲ ለ1977 ምርጥ ፊልም ሲባል የረታው ስታር ዎርስን ነው፤ ዳያን ኪተንም በመሪ ተዋናይት ወስዳለች።

ኪተንን ደግሞ ልብ በሉ። ጎድፋዘር (1972) ላይ በር የተዘጋባት ሚስት ናት። ከድራማ ተነሥታ ኮሜዲ ላይ ነገሠች። ሮበርት ዲ ኒሮም እንደዚያው። መንገዱ በሁለቱም በኩል ያስኬዳል ማለት ነው፤ ጥሩ ተዋናይ ጥሩ ተዋናይ ነው።

የቅዳሜ ማታ

ጎስት ረዳት ተዋናይ ዘርፍ ነው፣ ዳኞቹ ኮሜዲን በጎን በር ያስገቡታል እንጂ በፊት በር አይደለም። አኒ ሆልን ግን ተቀብያለሁ፣ ጠንካራ ምስክር ነው።

ጋሽ ተ.

መሐንዲስ ልጄ፣ ኪተንን እንዲህ በቀላሉ አልለቅልህም። ከጎድፋዘር በፊት እኮ በ1969 ብሮድዌይ ላይ ከዉዲ አለን ጋር ኮሜዲ ቲያትር ትጫወት ነበር፤ ለቶኒ የቲያትር ሽልማትም ታጭታበታለች። የጎድፋዘር ዳይሬክተር ኮፖላ ያንን በር ሲዘጋባት ፊቷን ብቻ ነው ያስተረፈላት፣ ፊቷም በቂ ነበር። ሳቅ ያስተማራት ፊት ነው።

መሐንዲሱ

እሺ ጋሼ፣ ኪተንን ወሰዱብኝ። ዲ ኒሮን ግን አልሰጥም! ሚት ዘ ፔረንትስ (2000) ላይ የሚያስቀን አንድም ጊዜ ለማሳቅ ሳይሞክር ነው። አማች ሊሆን የመጣውን ልጅ የውሸት መመርመሪያ ማሽን ላይ ሲያስቀምጠው የያዘው ፊት በማፊያ ፊልሞቹ ላይ የምናውቀው ፊት ነው፣ ምንም አልቀየረውም። ቤን ስቲለር የሚንቀጠቀጠውም እኛም የምንስቀው ሰውየው የምር ስለሚያስፈራ ነው። አንድ የለየለት ኮሜዲያን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጡና አስቡት፤ ማን ይፈራዋል?